የመንግሥት ትችትና የሕዝብ ጥላቻ፦ ከአይሁድ ጠልነት ክርክር እስከ ጨንቻ ደጋ

መግቢያ

በአንድ መንግሥት ፖሊሲ ላይ የሚሰነዘር ትችት፣ መንግሥቱ እወክለዋለሁ የሚለውን ሕዝብ ወደ መጥላት የሚሻገረው የት ላይ ነው? ጥያቄው ባለፉት ሃያ ዓመታት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በብርቱ ያከራከረው ከእስራኤልና ከአይሁድ ጠልነት ጋር በተያያዘ ነው። ለእኛ ግን የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጋሞን ደጋ ታሪክ የሚያጠና ሰው የገባር ሥርዓትን ለመተቸት ብዕሩን ባነሣ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዓለም አቀፉን ክርክር ዋና ዋና ነጥቦች ካስተዋወቀ በኋላ፣ ጨንቻን እንደ ማሳያ በመውሰድ ትችትን ከጥላቻ ለመለየት የሚረዱ ሦስት መጠይቆችን ያቀርባል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። «ፀረ ሴማዊነት» የሚለው የተለመደ ትርጉም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አሳሳች ነው፤ «ሴማዊ» ሲባል አማርኛና ትግርኛ የሚገኙበትን የቋንቋ ቤተሰብ ያስታውሳልና። ቃሉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ሲስፋፋ የታለመው ግን በአይሁድ ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ እዚህ «አይሁድ ጠልነት» የሚለውን እጠቀማለሁ።

የዓለም አቀፉ ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2004 እስራኤላዊው ፖለቲከኛ ናታን ሻራንስኪ ሦስት መለያዎችን አቀረበ፦ እስራኤልን እንደ ሰይጣን መሳል፣ በእርሷ ላይ ብቻ የተለየ ሚዛን መጠቀም፣ እና የመኖር መብቷን መካድ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ኅብረት አንድ የሥራ ትርጓሜ ከ11 ምሳሌዎች ጋር አጸደቀ። ከምሳሌዎቹ ብዙዎቹ እስራኤልን የሚመለከቱ ናቸው። ሰነዱ በሌላ በማንኛውም አገር ላይ ከሚቀርበው ጋር የሚመሳሰል ትችት አይሁድ ጠልነት ተብሎ እንደማይቆጠርም ይገልጻል።

ተቃውሞው የመጣው በከፊል ከውስጥ ነው። ለዚህ ሰነድ መሠረት የሆነውን የቀድሞ ረቂቅ በማዘጋጀት ግንባር ቀደም የነበረው ኬኔት ስተርን፣ ትርጓሜው ለመረጃ ሰብሳቢዎች እንጂ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ንግግርን ለመቆጣጠር እንዳልተዘጋጀ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአሜሪካ ምክር ቤት አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ200 በላይ ምሁራን የፈረሙበት የኢየሩሳሌም መግለጫ ወጣ፤ 15 መመሪያዎችን ይዞ፣ ስለ እስራኤል ከሚነገረው ውስጥ በራሱ አይሁድ ጠልነት የሆነውንና ያልሆነውን ለይቶ ለማስቀመጥ ሞከረ። ተቺዎቹ በበኩላቸው መግለጫው በትችት ካባ ለተሸፈነ ጥላቻ በር ይከፍታል ብለው ይሰጋሉ።

የሁለቱም ወገን ሥጋት መሠረት አለው። «ጽዮናዊ» የሚለውን ቃል ብቻ በመተካት የቆየውን የአይሁድ ጥላቻ የሚደግም ሰው አለ፤ የመንግሥትን ድርጊት ከጥያቄ ለማስጣል የሕዝብን መከራ እንደ ጋሻ የሚጠቀምም አለ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች የሚሰጡት ትምህርት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በአገራቸው ሳሉ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው «ቡዳ» እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል፤ ይህ በሰዎች ማንነት ላይ የተለጠፈ ጥላቻ ነበር። በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ተኩል ቀን ባጓጓዘው ዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ከገቡ በኋላ ግን ራሳቸው የመንግሥት ተቺ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በስውር ይወገድ እንደነበር ሲታወቅ፣ በ2015 እና በ2019 ደግሞ በፖሊስ ጥቃት ምክንያት አደባባይ ወጥተዋል። የተቃወሙት የእስራኤልን የጤና ተቋማትና ፖሊስ እንጂ የኖርዌይን አይደለም። ይህ ሚዛን ማዛባት አይደለም፤ ሰው አብልጦ የሚተቸው በሕይወቱ ላይ የሚወስነውን መንግሥት ነውና። ስለዚህ «ለምን ሌላውን አትተችም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጥላቻን አያረጋግጥም።

«ነፍጠኛ»፦ ከሥርዓት ስም ወደ ሕዝብ ስም

የጨንቻ ከተማ ታሪክ ተመሳሳይ ችግርን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ጨንቻ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች፤ የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ወደ አርባ ምንጭ እስኪዛወር ድረስም በዚያው ቆየች። ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ገባር ተሰጠው። ገባሩ እህል፣ ማርና ጉልበት አቀረበ። ሥርዓቱ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በወጡ የመሬት ግብር ሕጎች እየተሻረ ቢመጣም፣ ጭሰኝነት እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ዘልቋል።

«ነፍጠኛ» ማለት በቃሉ ፍቺ ነፍጥ ያነገበ ማለት ነው፤ የሥራና የሥልጣን ስም ነው። ዘማቹ ጦር ከአንድ ብሔር ብቻ የተውጣጣ አልነበረም፤ ራስ ጎበና ዳጬን የመሰሉ የኦሮሞ ተወላጅ የጦር አለቆች በምኒልክ መስፋፋት ውስጥ የነበራቸው ድርሻ የታወቀ ነው። በደቡብ ከተያዙት አገሮች የወጡ ባላባቶችም የሥርዓቱ አካልና ተጠቃሚ ነበሩ። በሌላ በኩል በሰሜን የሚኖረው አብዛኛው የአማራ ገበሬ ነፍጥም ገባርም ሳይኖረው ራሱ ግብር ከፋይ ነበር። ያም ሆኖ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በፖለቲካ አንደበት ቃሉ ከሥርዓቱ እየተነቀለ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ሆኖ ሲነገር ይሰማል። ሥርዓቱ ከፈረሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተወለደ ልጅ፣ ነፍጥ ሳይዝ፣ በስሙ ወይም በቋንቋው ብቻ «ነፍጠኛ» ሲባል የተተቸው ታሪክ አይደለም፤ የተወነጀለው ልደቱ ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም ያነሰ አይደለም። «ነፍጠኛ የሚል ቃል የጥላቻ ቃል ነው» ተብሎ የገባርነት ጥናት ቢዘጋ፣ የጨንቻ ገበሬ የተሸከመው ሸክም ከታሪክ ይፋቃል። ሥርዓቱን አጥብቀው ከተቹት አንዱ የሆነው ዋለልኝ መኮንን ከወሎ የወጣ የአማራ ተወላጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ትችቱ ከየት እንደሚነሣ ብሔር እንደማይወስነው ያሳያል።

ለተመራማሪ ጉዳዩ በቃለ መጠይቅ ገጽ ላይ ይጨበጣል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቃላዊ ትረካዎች «አማራ» የሚለው ቃል አንዳንዴ ብሔርን፣ አንዳንዴ የመንግሥትን ሹም ወይም ወታደር፣ አንዳንዴም ክርስቲያንን ያመለክታል። አንድ ሽማግሌ «አማራ መሬታችንን ወሰደ» ቢሉ፣ ንግግሩን የሚጽፈው ተማሪ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ማስፈር አለበት፤ በትንታኔው ግን የትኛውን ፍቺ እንደያዘ መለየት ግዴታው ነው። ይህን ሳያደርግ ቢቀር የመንግሥት ድርጊት በእርሱ ብዕር የሕዝብ ድርጊት ይሆናል።

ሕጉ የሚለየውና የማይለየው

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚከለክለው፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆነ ብሎ የሚያነሣሣ ንግግርን ነው። በዝርዝሩ ውስጥ መንግሥት፣ ፓርቲ ወይም ፖሊሲ የለም። የጥናትና ምርምር ሥራ፣ ዜና፣ ትንታኔና ፖለቲካዊ ትችትም በልዩ ሁኔታ ተጠብቀዋል። በጽሑፍ ደረጃ እንግዲህ ድንበሩ ተሰምሯል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ቃል ሁለቱንም ትርጉም ሲሸከም ነው፤ ያኔ ሕጉ የቃሉን አጠቃቀም የሚመረምር አስተዋይ አንባቢ ይፈልጋል።

ለዚህ ሦስት መጠይቆች ይረዳሉ። አንደኛ፣ የድርጊቱ ባለቤት ማን ነው? ትችት ሹምን፣ ተቋምን፣ አዋጅንና ዘመንን ይጠራል፤ ጥላቻ «እነርሱ» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ስሙ ከሥራው ጋር ይቀራል ወይስ በደም ይወረሳል? ሹሙ ሲሻር ወይም ሥርዓቱ ሲፈርስ የማይነሣ ክስ የማንነት ክስ ነው። ሦስተኛ፣ የሚጠየቀው መፍትሔ ምንድን ነው? ትችት ፖሊሲ እንዲለወጥ፣ ካሳ እንዲከፈል፣ አጥፊ እንዲጠየቅ ይሻል፤ ጥላቻ ሰዎች እንዲወገዱ ወይም እንዲዋረዱ ይሻል።

መጠይቆቹ ለከሳሹም ይሠራሉ። «ሕዝቤ ተሰደበ» የሚል ወገን የተነካው ሕዝቡ እንጂ መንግሥት ወይም ሥርዓት አለመሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። ከሆሎኮስት በኋላ ለብዙ አይሁዶች እስራኤል ከመንግሥትነት ያለፈ መጠጊያ ናት፤ ለብዙ ኢትዮጵያውያንም የቀድሞው መንግሥት ታሪክ የማንነታቸው ክፍል ነው። ስለዚህ ትችት ሊያማቸው ይችላል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ የተናጋሪውን ጥላቻ ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

እርጥብ ሣር

መለየቱ ከቃላት ጨዋታ በላይ መሆኑን አርባ ምንጭ አይታለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ጥቃት ከተጎዱት መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ዜናው ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ አደባባይ ወጡ፤ ቁጣው በከተማዋ ወደሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና ከእነርሱ ጋር ወደተያያዘ ንብረት ሊዞር ሲል የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሣር የሰላምና የዕርቅ ምልክት ነው፤ ያንን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ድርጊቱ ንግግርን ሳይሆን ጥቃትን የሚመለከት በመሆኑ ከላይ ለቀረበው ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሆንም። ነገር ግን የመጀመሪያውን መጠይቅ በተግባር አሳይቷል፦ በቡራዩ የገደለውና በአርባ ምንጭ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ ባለዕዳ አይደሉም። አጥፊው ይጠየቅ ማለትና ስሙን የተጋራው ሁሉ ይክፈል ማለት የተለያዩ መሆናቸውን አባቶች በጉልበታቸው ተንበርክከው ተናገሩ።

ማጠቃለያ

አይሁድ ጠልነትን ከእስራኤል መንግሥት ትችት ለመለየት የሚደረገው ክርክር በአንድ ትርጓሜ አልተቋጨም፤ የሚቋጭም አይመስልም። ከእርሱ የምንወስደው ግን ትርጓሜ ለመመርመር እንጂ ለማስፈራራት ሲውል ጠቃሚነቱን እንደሚያጣ ነው። በአገራችን የታሪክና የሕግ ጥናት፣ የድርጊቱን ባለቤት በስሙና በዘመኑ መጥራት ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይጠብቃል፦ የተበደለውን ገበሬ እውነትና ያልበደለውን ጎረቤት ደኅንነት።