የጋሪ ኩሽኔታ እንዴት ይታጠባል? እንዴትስ ይለወጣል?

በእንጅባራና በዳንግላ ፈረስ የተከበረ የጋማ ከብት ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጥር 23 ቀን የማኅበሩ በዓል ሲከበር ፈረሱ አጊጦ ሲጋልብ ታዩታላችሁ። ሌላው ፈረስ ደግሞ ጋሪ ይጎትታል። ድንቹን፣ እህሉን፣ ከሰሉን ገበያ ያደርሳል። ይህ ፈረስ ቶሎ ቶሎ ሲደክም ባለቤቱ መኖ ይጨምርለታል፤ አለዚያም አለንጋ ያነሣበታል። ከዚያ በፊት ግን የጋሪውን ኩሽኔታ ማየት ይገባል።

ኩሽኔታ ምንድን ነው? ጎማው በዘንጉ ላይ እንዲዞር የሚያደርግ ብረት ነው። ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። በመካከላቸው ድቡልቡል ወይም ሞላላ የብረት ፍሬዎች አሉ። ፍሬዎቹ በግራሶ ውስጥ ሲንከባለሉ ጭነቱ ለፈረሱ ይቀለዋል። ግራሶው ሲያልቅ ግን ብረት ብረትን ይበላል። ጎማው ይከብዳል፤ ጋሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ የፈረሱም ትከሻ ይላጣል። ሲብስ ጎማው ቁልቁለት ላይ ወልቆ ሰውና ጭነት ይገለብጣል።

በእኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ብዙ ነው። ውሃና ጭቃ ወደ ኩሽኔታው ይገባል። ግራሶውን ያጥባል፤ ብረቱን ያዝጋል። ስለዚህ ኩሽኔታ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታይ፤ አንዴ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ። ጋሪው ጥልቅ ውሃ ከተሻገረም ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

ሥራው እንዲህ ነው።

1ኛ. ፈረሱን ፍቱ፤ ጭነቱን አውርዱ። ጋሪውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ በማይፈታው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ። የሚፈታውን ጎን በክሪክ ወይም በጠንካራ አጣና አንሥታችሁ ከሥሩ ወፍራም ግንድ አስገቡ። ግንዱ ሳይገባ ማንም እጁን ወይም እግሩን ከሥር አያግባ።

2ኛ. ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንገጫገጨ ዳዶው ላልቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ አሽከርክሩትና ጆሯችሁን ጣሉ። ቢንሿሿ ወይም ቢያንቋቋ ውስጡ ደህና አይደለም።

3ኛ. ክዳኑን፣ የዳዶውን መቆለፊያ ሽቦ፣ ዳዶውንና ሮንዴላውን አውጡ። ንጹሕ ማዳበሪያ ላይ በተራ ደርድሩ። የግራውንና የቀኙን አታቀላቅሉ።

4ኛ. አሮጌውን ግራሶ ጠርጋችሁ ኩሽኔታውን በላምባ እጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። በቤንዚን አትጠቡ፤ እሳት ይስባል። የታጠበበትን ላምባ ምንጭ ወይም ወንዝ አጠገብ አትድፉ። ሁለቱም ጎኑ በጎማ ወይም በቆርቆሮ የተሸፈነ ኩሽኔታ ግን አይታጠብም፤ ከተበላሸ ይለወጣል።

5ኛ. ፍሬዎቹንና ቀለበቶቹን ብርሃን ላይ እዩ። የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ ጉድጓድ፣ ስንጥቅ ወይም በሙቀት የጠቆረ ቦታ ካለ አልቋል። ትልቁም ትንሹም ቀለበት አብሮ ይለወጣል እንጂ ግማሹ አይለወጥም።

አሁን የንባብና የሒሳብ ትምህርታችሁ ሥራ ላይ ይውላል። በኩሽኔታው ጎን ቁጥር ተቀርጿል። ጠርጋችሁ አንብቡት፤ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ለምሳሌ ባለ ድቡልቡል ፍሬው ኩሽኔታ 6204 ይላል እንበል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች 04 ናቸው። 4 በ5 ሲባዛ 20 ይሆናል። ስለዚህ የውስጡ ቀዳዳ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር ነው። 6205 ከሆነ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ከ04 ጀምሮ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የፈረንጅ ፊደል ካለ እሱንም እንዳለ ገልብጡ። ወደ ከተማ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአዲሱ ጋር ቁጥሩን አስተያዩ። ባለ ሱቁ «ይህም ይሆናል» ቢላችሁ ቁጥሩ ካልገጠመ አትግዙ። አንዲት ሚሊ ሜትር ልዩነት ጎማውን ታስወልቃለች።

6ኛ. አሮጌውን ቀለበት ከኋላው ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ እየመታችሁ አውጡ። አዲሱን ስታስገቡ ትልቁን ቀለበት ብቻ፣ እንጨት አስደግፋችሁ፣ ከዚህም ከዚያም በእኩል ምቱ። ፍሬዎቹን በመዶሻ አትንኩ።

7ኛ. መዳፋችሁ ላይ ግራሶ አድርጋችሁ ኩሽኔታውን ጫኑበት። ግራሶው በወዲያ በኩል እስኪወጣ ድረስ ይሞላ። የተቃጠለ ዘይት አይበጅም፤ ቶሎ ይፈሳል፤ የብረት ብናኝም አለበት።

8ኛ. ኩሽኔታው ባለ ሞላላ ፍሬ ከሆነ ጎማውን እያሽከረከራችሁ ዳዶውን አጥብቁ። ከበድ ሲል ጥቂት መልሱት። ጎማው ሳይወዛወዝ በቀላሉ መዞር አለበት። አዲስ ሽቦ አስገብታችሁ ክዳኑን ግጠሙ። ጥቂት መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ቢል ደህና ነው፤ ካቃጠለ ጠብቋል ወይም ግራሶ አንሶታል።

ሞተር ሳይክል ያላችሁም ይህንኑ ልብ በሉ። የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ በሚታጠፍበት ቦታ ኩሽኔታ ወይም ቦኮላ አለ። ሞተሩን በመሐል ማቆሚያው አቁማችሁ የኋላውን ጎማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ግፉት። ሹካው ከሥሩ ከተንቀጠቀጠ ቦኮላው አልቋልና ሳይለወጥ ሩቅ መንገድ አትሂዱ።

ሥራው ሲያልቅ የኩሽኔታውን ቁጥርና የታጠበበትን ቀን በደብተራችሁ አስፍሩ። በሚመጣው ጊዜ ምን እንደሚገዛና መቼ እንደሚታጠብ ደብተሩ ይነግራችኋል።