ባሕሩን ከበረንዳ ላይ

ከለሚ የሄደች አንዲት ወጣት ቤይሩት 3 ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ጓደኞቿ ቡና አፍልተው ከበቧት። «እስቲ ስለ ባሕሩ አውሪን!» አሏት።

«ባሕሩን? በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው የማየው» አለች።

ወይ ጉድ! የጀማን ገደል ከአፋፉ እያየች ያደገች ልጅ፣ ሜዲትራኒያን ዳር 3 ዓመት ከርማ ውሃውን በእጇ ሳትነካ መጣች።

ምን አመለጣት? ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ወክ ለሚያደርግ ሁሉ ክፍት ነው። ራውሼ ሰፈር ሲደርሱ ከባሕሩ ውስጥ የበቀሉ የሚመስሉ ሁለት ግዙፍ አለቶች ይታያሉ። መሃል ከተማ የመሐመድ አል-አሚን መስጊድና የማሮናውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ጎን ለጎን ቆመዋል። ገማይዜ ሰፈር ደግሞ ባለ 3 ቅስት መስኮትና ባለ ቀይ ሸክላ ጣሪያ የጥንት ቤቶች አሉ። የዚያ ዘመን ሸክላ ከፈረንሳይ፣ ከማርሴይ፣ በመርከብ ይመጣ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደቡ ላይ የደረሰው ፍንዳታ ብዙዎቹን ጎድቷል።

«ለሥራ እንጂ ለሽርሽር ማን ሄደ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን እረፍት ቅንጦት አይደለም። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም፤ መያዣችሁ ውሉ ነው። እናም እህቶች፣ ቤይሩትም ይሁን ሌላ አገር፣ ሳትፈርሙ በፊት የሳምንት እረፍት መጻፉን፣ ከቤት መውጣት መፈቀዱንም አረጋግጡ። ያልገባችሁን አስነብቡ።

ልጅቷስ? «ሁለተኛ ብሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ደሞዙን አይደለም» ትላለች፤ «እሑዴን ነው!»