ጓሳ ሲዘጋና ሲከፈት

ጓሳ ሣር ነው። ብርድ በሚጸናበት ደጋ ይበቅላል። ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ዝናብ የሚከላከል ገሳም ይሠራበታል። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ሰፊ ምድር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሣር ነው። ስፋቱ 10,000 ሄክታር ገደማ ነው፤ በድሮው አለካክ 250 ጋሻ መሆኑ ነው።

የመንዝ ሰው ይህን ምድር ሲጠብቅ የኖረው በአጥር አይደለም፤ በሕግ ነው። ሕጉ ቀሮ ይባላል። በ17ኛው መቶ ዘመን ተጀመረ ይባላል። ባለመብቶቹ የአስቦና የጌራ ትውልዶች ነበሩ። አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። አለቃው ጓሳን ይዘጋል። ሣሩ እስኪደርስ 3 ዓመት፣ አንዳንዴም 5 ዓመት ማንም አይገባበትም። ጉልበት ያለው ሁሉ እየወጣ ይጠብቃል። ደፍሮ ያጨደ ወይም ከብቱን ያሰማራ በብርቱ ይቀጣል። ድርቅ ሲበረታና ከብት ሲከሳ ጓሳ ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን ለጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል።

ሰውን ከምድሩ የሚለየው ክልከላ ነው ብለን እናስብ ይሆናል። በጓሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምድሩ ተዘግቶ ሳለ ሰው ዓይኑን አላነሳበትም። ሣሩ ምን ያህል እንዳደገ ያውቃል። ምንጩ መሙላቱንና መጉደሉንም ያውቃል። ሊጠብቅ ሲወጣ ያየዋል እኮ! ጥቅጥቅ ያለ ሣር የዝናቡን ውኃ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። ውኃው ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

ቀሮ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ዘሩ ከአስቦ ወይም ከጌራ ያልሆነ ጎረቤት ቤቱ ቢያፈስም ሣር የማጨድ መብት አልነበረውም። ለእሱ ጓሳ ሁልጊዜ ዝግ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ፤ ቀሮም አብሮ ቀረ። ጓሳ ለሁሉም ተከፈተ። ይህ ለዚያ ጎረቤት ትልቅ ነገር ነበር። ዳሩ ግን የሚዘጋው አካል ጠፋ። ገበሬው «እኔ ብተወው ሌላው ያጭደዋል» ብሎ ሣሩ ሳይደርስ አጨደ። ምን ያድርግ? ቢጠብቅ የሚያተርፈው የለማ። ከብቱም ክረምት ከበጋ እዚያው ዋለ። ሰው በየቀኑ ጓሳ እየዋለ ከጓሳ ራቀ።

ከዓመታት በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ነዋሪዎች ተመካከሩ። ኮሚቴ መርጠው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። መዝጋትና መክፈት ተመለሰ። የአሁኑ መብት ግን በዘር አይደለም፤ በነዋሪነት ነው።

ጓሳ የሰው ብቻም አይደለም። ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በጠቅላላው የቀረውም 500 ገደማ ነው። እረኛ አይወደውም፤ ጠቦት አንዳንዴ መውሰዱ አይካድም። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ተመራማሪዎች በጓሳ አንድ ነገር አይተዋል። ቀበሮው ሣር በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እሱም ብዙውን ጊዜ አይነካቸውም። በዚያ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ አይጥ ይቀናዋል።