ከነጋዴነት እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት፤ የኒውፋውንድላንዱ ቻርልስ ፎክስ ቤኔት

የካናዳን ካርታ የዘረጋ ተማሪ በምሥራቅ በኩል፥ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ኒውፋውንድላንድ የምትባል ትልቅ ደሴት ያገኛል። ካናዳ በ1867 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኅብረት ስትቋቋም ይህች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አልገባችም። የገባችው ከ82 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህም መዘግየት ከፍ ያለ ድርሻ ያላቸው ሚስተር ቻርልስ ፎክስ ቤኔት የተባሉ ነጋዴ ነበሩ።

ሚስተር ቤኔት በ1793 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሻፍትስበሪ ከተማ ተወለዱ። ገና በወጣትነታቸው ወደ ደሴቲቱ ዋና ከተማ ወደ ሴንት ጆንስ ተሻግረው፥ ኋላ ከወንድማቸው ጋር የንግድ ቤት አቋቋሙ።

በዚያን ጊዜ የደሴቲቱ ሀብት ኮድ የሚባለው ዓሣ ብቻ ነበረ ማለት ይቻላል። ነጋዴው በጸደይ ወራት ለዓሣ አጥማጁ ዱቄት፥ ጨው፥ መንጠቆና ልብስ በዱቤ ይሰጠዋል። በበጋ ባልዮው ያጠምዳል፤ ሚስትና ልጆች ዓሣውን ሰንጥቀው፥ በጨው አሽተው፥ በእንጨት ቆጥ ላይ ያደርቁታል። መከር ሲደርስ የደረቀው ዓሣ ለዚያው ነጋዴ ይገባል። የዱቄቱንም የዓሣውንም ዋጋ የሚቈርጠው ነጋዴው ነው። ሒሳቡ በመዝገብ ይያዛል እንጂ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ ጥሬ ገንዘብ እምብዛም ያልጨበጠ ሰው ብዙ ነበረ።

ሚስተር ቤኔት ግን በዓሣ ብቻ አልተወሰኑም። በ1827 ዓ.ም. የቢራ መጥመቂያ አቋቋሙ፤ የብረት ማቅለጫም ነበራቸው። በ1864 ዓ.ም. ደግሞ ከስሚዝ መኬይ ጋር ሆነው በቲልት ኮቭ የመዳብ ማዕድን ከፈቱ።

በፖለቲካ ረገድ ወግ አጥባቂ ነበሩ። ደሴቲቱ በ1855 ዓ.ም. ለተመረጠው ምክር ቤት ኃላፊ የሆነ መንግሥት ስታገኝ፥ ይህን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ነበሩ። ኋላ ግን የዚያው መንግሥት ጠባቂ ሆነው ተነሡ!

የ1869ኙ ምርጫ ሲደርስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍሬደሪክ ካርተር ከካናዳ ጋር መቀላቀልን ደገፉ። የ76 ዓመቱ ሽማግሌ የተቃዋሚዎቹ መሪ ሆኑ። ካናዳ ከዱቄቱም ከጀልባውም ቀረጥ ትወስዳለች፤ ልጆቻችሁም ለሩቅ አገር ጦርነት ይታፈሳሉ ተብሎ ተሰበከ። ይህ የመጨረሻው በእውነቱ ማስፈራሪያ ነበረ። የቀረጡ ነገር ግን ተራ ወሬ አልነበረም፤ ደሴቲቱ ምግቧን ከውጭ አገር ትገዛ፥ ዓሣዋንም ለስፔን፥ ለፖርቱጋል፥ ለብራዚልና ለካሪቢያን ደሴቶች ትሸጥ ነበርና። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ተታልሎ ነው የመረጠው የሚሉት ሰዎች አስተያየት አያረካኝም። ሆኖም ድምፅ የሚሰጠው በይፋ በቃል ነበረ፤ የምስጢር ምርጫ ሕግ የወጣው በ1887 ዓ.ም. ነው። የዱቤ መዝገቡን የያዘው ነጋዴ ማን ማንን እንደ መረጠ ማወቅ አይሳነውም ነበረ።

ተቃዋሚዎቹ ከ30ው መቀመጫ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ወሰዱ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የነበሩት ሚስተር ቤኔትም ካቶሊኮች በሚበዙበት በፕላሴንሽያና ሴንት ሜሪስ ወረዳ ተመረጡ፤ በ1870 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ከሴንት ጆንስ ስለ ወጣ፥ በ1871 ዓ.ም. ደሴቲቱ የራሷን የፖሊስ ኃይል አቋቋመች። የዱቤው ንግድ ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። ሚስተር ቤኔት በ1874 ዓ.ም. የምክር ቤቱ ድጋፍ ስላነሳቸው ሥልጣን ለቀቁ፤ በ1883 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው ሞቱ።

በ1948 ዓ.ም. ሕዝቡ እንደ ገና ተጠየቀ። በዚህ ጊዜ ካናዳ ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ለእናቲቱ እንደምትከፍል ተነገረ። የሴንት ጆንስ ነጋዴዎች አብዛኞቹ ተቃወሙ፤ በዳር ዳር ካሉት የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ብዙዎቹ ደገፉ። ውጤቱ 52.3 ለ47.7 በመቶ ሆኖ ኅብረቱ አለፈ። ፕላሴንሽያና ሴንት ሜሪስ ግን በዚህም ጊዜ እንቢ አለ።