የዘጌ ቡና የካርቦን ሒሳብ መዝገብ አያያዝ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

ቡና በማሳ፣ በመፈልፈያ፣ በማጓጓዣና በሚቆላበት ፋብሪካ ሲያልፍ አየርን የሚያሞቁ ጋዞች ይወጣሉ። እነዚህን በየደረጃው መዝግቦ ለ1 ኪሎ ቡና ስንት እንደሚደርስ ማስላት የካርቦን ሒሳብ ይባላል። ፋብሪካው የራሱን ነዳጅ ያውቃል፤ የማሳውን ግን የሚያገኘው ከማኅበሩ መዝገብ ነው። መዝገብ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አማካይ ቁጥር ይወሰዳል።

የዘጌ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በልማድም መሬቱ በበሬ አይታረስም። ይህ ካልተጻፈ በሒሳቡ አይታይም።

1. የሚመዘገቡ ነገሮች

ቡናው በሚመዘንበት ዕለት የሚከተሉት ይጻፋሉ፦

ሀ) የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋትና መገኛ፤
ለ) ክብደት በኪሎ፣ እሸት ወይም ጀንፈል መሆኑ፤
ሐ) ማዳበሪያ በዓይነትና በኪሎ፤
መ) ለጀልባ፣ ለመኪናና ለመፈልፈያ የዋለ ነዳጅ በሊትር፣ ከደረሰኙ ጋር፤
ሠ) የተቆረጠና የተተከለ ዛፍ። ለማገዶ ሽያጭ የተቆረጠውም አይቀርም።

2. ዜሮና ባዶ ቦታ

ማዳበሪያ ላልጨመረ ገበሬ «0» ይጻፍ። ባዶ ቦታ «አልተጠየቀም» ማለት ስለሆነ ሒሳብ ሠሪው በአማካይ ሊሞላው ይችላል። 1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ከዚህ የተነሣ ከአፈር የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻ በተለመደው ስሌት 200 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ገበሬው ባልተጠቀመበት ማዳበሪያ ያስቆጥርበታል።

3. የስሌት ምሳሌ

20 ኩንታል ቡና ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የሚወስድ ጀልባ በደርሶ መልስ 10 ሊትር ናፍጣ ፈጀ እንበል። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

10 × 2.7 = 27 ኪሎ
27 ÷ 2,000 = 0.0135 ኪሎ፣ ማለት ለ1 ኪሎ ቡና 13.5 ግራም።

ጀልባው ሌላ ጭነት ካለው ነዳጁ በክብደት ይከፋፈላል።

4. ጥንቃቄ

የተመዘገበ ቡና ካልተመዘገበ ጋር ከተቀላቀለ መዝገቡ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆንያ ቁጥር ይሰጠው።

የማሳ መገኛ ለሌላም ጉዳይ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡናን ይከለክላል። አፈጻጸሙ ቢራዘምም ዝግጅቱ መቆየት የለበትም። እስከ 4 ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል።

በየወሩ መጨረሻ የማኅበሩ ሒሳብ ሹምና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መዝገቡን ከሚዛንና ከነዳጅ ደረሰኞች ጋር ያመሳክሩ።