ስለ ሰሃላ ወንዞች አጠባበቅና ስለ ጥቅማቸው አከፋፈል

ወንዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሁለት ዳር መካከል የሚፈስሰውን ውሃ ብቻ ነው። ነገር ግን ውሃው ወንዝ ከመሆኑ በፊት የተራራው አፈር፥ ሣርና ዛፍ ይዞ ያቆየው ዝናም ነበረ። ስለዚህ ወንዝ ከዳሩ ይልቅ በራስጌው ሊጠበቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዋግ ኽምራ፥ በተለይም በሰሃላ በኩል፥ ሕዝቡ ወንዞቹን የሚጠብቅበትንና የሚጠቀምበትን መንገድ ነው፤ ደግሞም በጥበቃው የሚደክመው ሰው ሌላ፥ በውሃው የሚደሰተው ሰው ሌላ ሲሆን ምን ችግር እንደሚከተል ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሰሃላ ከሰቆጣ ደጋ በስተ ምዕራብ፥ ወደ ተከዜ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ቆላ የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ቀድሞ በዝቋላ ወረዳ ሥር ይተዳደር ነበር። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፥ ቀጥሎ ወደ ሰሜን፥ ኋላም እንደገና ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ በሁመራ በኩል ሰቲት ተብሎ ሱዳን ከገባ በኋላ በአትባራ አድርጎ ከዓባይ ይገናኛል። እንዲህ ያለ ታላቅ ወንዝ ያለው አገር ውሃ ይጠማዋል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ተከዜ የሚሄደው በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለ ሆነ፥ በላይ ያለው ባላገር ውሃውን በዓይኑ እያየ ወደ ማሳው ሊያወጣው አይችልም። የሕዝቡ ኑሮ የተመሠረተው ወደ ተከዜ በሚወርዱት ትንንሽ ጅረቶችና ምንጮች ላይ ነው።

እነዚህ ጅረቶች የሚያገኙት ዝናም አብዛኛውን በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ተዳፋቱ የተራቆተ በሆነ ጊዜ ዝናሙ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል፤ በጋው ሲገፋ የወንዙ ወለል አሸዋ ብቻ ይሆናል፤ ሴቶችም አሸዋውን ቆፍረው በጥቂት በጥቂቱ ይቀዳሉ። የ1977 ዓ.ም. ረኀብ በዋግ ያደረሰው ጥፋት የታወቀ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ ባጠረ ጊዜም በ2016 ዓ.ም. ድርቁ የዋግን ቆላ ወረዳዎች ክፉኛ ጎድቶ ከብት ፈጅቷል።

በሌላ በኩል ወንዝ የደስታም ቦታ ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታት ወደ ውሃ ይወርዳሉ፤ በማግሥቱ ሕዝቡ በውሃው ይጠመቃል፥ ይዘፍናል። ልጆች ዋና የሚማሩት፥ ልብስ የሚታጠበው፥ እረኞች ከብታቸውን አጠጥተው በሾላ ጥላ የሚያርፉት እዚያው ነው። እንግዲህ ጅረት ሲደርቅ የሚጠፋው የመስኖ ውሃ ብቻ ሳይሆን መገናኛም ጭምር ነው።

የውሃ አጠቃቀም ሥርዓት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በአማራ አገር በብዙ ቦታ ከአንድ ጅረት በቦይ የሚጠቀሙ ገበሬዎች «የውሃ አባት» ይመርጣሉ፤ በትግራይም «አቦ ማይ» ይባላል። የውሃ አባት ተራ ይሰጣል፥ ጠብ ይዳኛል፥ ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ይቆርጣል፤ ከሥራው የቀረ ሰው ይቀጣል ወይም ተራው ያልፈዋል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ የሚጠጣ ይሠራል፥ የሚሠራም ይጠጣል። ሕጉም ይህን ልማድ አልነካውም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሁሉ አስቀድሞ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለውን ውሃ ያስቀድማል፤ ለባህላዊ መስኖም ፈቃድ አይጠይቅም። አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች በማኅበር እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል።

ይሁን እንጂ የውሃ አባት ሥልጣን ቦዩ ከጅረቱ በሚጠለፍበት ቦታ ያበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ተራራ የሌሎች ሰዎች ግጦሽና ማገዶ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በየበጋው በሚደረገው የተፋሰስ ሥራ ገበሬዎች ያለ ክፍያ እርከን ይሠራሉ፥ ቦረቦር በድንጋይ ይከትራሉ፥ የተራቆተውንም ተራራ ከከብት ይከልላሉ። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ተራራው ሲከለል የፍየል ባለቤት ግጦሹን ያጣል፤ የአበርገሌ ፍየል ደግሞ ለዚህ አገር ድሀ ወተቱም ገንዘቡም ነው። እንጨት ለቃሚዋ ሴት ሩቅ መንገድ ትሄዳለች። መሬት የሌለው ወጣት ድንጋይ ተሸክሞ ይውላል፤ ምንጩ ሲጎለብት ግን ሽንኩርት የሚያጠጣው በጅረቱ ዳር ማሳ ያለው ነው። እንግዲህ በሌሊት ወደ ተከለለው ቦታ ፍየል የሚያስገባ ሰው ቢገኝ፥ ቅጣት ብቻውን ነገሩን አይፈውሰውም።

ስለዚህ መድኃኒቱ የውሃ አባትን ሥርዓት ከቦዩ አልፎ እስከ ተራራው ጫፍ ማድረስ ይመስለናል። በተከለለው ቦታ የሚበቅለው ሣር እየታጨደ አስቀድሞ ለፍየል ባለቤቶች ቢሰጥ፥ መሬት የሌላቸው ወጣቶች በዚያ ቀፎ ቢሰቅሉ፥ በተከዜ ቆላ የሚገኘውንም የዕጣን ዛፍ ሳያደሙ እየጠበቁ በልኩ ቢጠቀሙበት፥ ጠባቂው የድካሙን ዋጋ ያገኛል። በጅረቱ ዳር ማሳ ያላቸውም ከመስኖው ገቢ ለተራራው ጥበቃ ጥቂት ማዋጣት ይገባቸዋል። ይህ ሕልም አይደለም፤ በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ነዋሪዎች ተራራቸውን ከልለው የጉድጓዶቻቸው ውሃ ስለ ጨመረ፥ በ2004 ዓ.ም. የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል።

ከሩቅ ያለውም ተጠቃሚ ዕዳ አለበት። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር፥ ኃይሉም 300 ሜጋ ዋት ነው። በሐይቁ ዳር ያሉ ወጣቶች ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከተሞችም መብራት ያገኛሉ። ከዋግ ተዳፋት የሚታጠበው አፈር ግን በዚያው ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። የሰሃላ ገበሬ አንድ እርከን በሠራ ጊዜ የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን የከተማውንም መብራት ይጠብቃል ማለት ነው፤ ለዚህ ድካሙ እስካሁን የሚከፍለው ግን በቂ ምላሽ የማያገኝ የጉልበት ቀን ነው።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚሁ አገር ስም ተጠርቷል። የሕፃን ምግብ ያለ ውሃ አይገኝም፤ ውሃም ያለ ተራራው፥ ተራራውም ያለ ጠባቂው አይኖርም። ስለዚህ በየጅረቱ የራስጌውና የግርጌው ሰዎች፥ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶችም ሳይቀሩ፥ በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው ሥራውንና ጥቅሙን የሚያከፋፍል ደንብ ቢጽፉ፥ ከብዙ ዘበኛ ይልቅ ወንዙን የሚጠብቀው ይህ ስምምነት ይሆናል።