መፍቻውና ፊርማው

የአውሮፕላን መካኒክን ከመኪና መካኒክ የሚለየው የያዘው መፍቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ልዩነቱን የማየው ፊርማው ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ባቲ የከባድ መኪና ሞተር የሚፈታ ወጣት ስለ ፒስተን፣ ስለ ቫልቭና ስለ ሲሊንደር ያውቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገበት ዲሲ-3 ዓይነት አውሮፕላንም የሚበረው በሁለት የፒስተን ሞተሮች ነበር። ዛሬም ፓይለቶች የሚሠለጥኑባቸው እንደ ሴስና 172 ያሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች በፒስተን ይሠራሉ።

ታዲያ ተለማማጁ ምን ይማራል? ለምሳሌ የሲሊንደር ፍተሻን እንውሰድ። ሲሊንደሩ ውስጥ በ80 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት አየር ይለቀቅና ምን ያህሉ እንደቀረ ይለካል። የሚያመልጠው አየር በጭስ ማውጫው በኩል ከተሰማ የማስወጫ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው በኩል ከተሰማ ደግሞ የፒስተን ቀለበቱ ይጠረጠራል። የዘይት ማጣሪያው ተቀዶ የብረት ብናኝ ይፈለግበታል። በተለመደው የቤንዚን ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ እሳት የሚሰጡት ማግኔቶዎችም ሁለት ናቸው። አንዱ ቢሞት ሌላው ያሳርፋል። መኪና ሲበላሽ ጥግ ይይዛል፤ ሰማይ ላይ ግን ጥግ የለም።

ይህ ሁሉ ሥራ ይመዘገባል። ምን ተፈታ? ምን ተለወጠ? ማን አየው? ተለማማጁ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ለሥራው ኃላፊነት ወስዶ የሚፈርመው ባለፈቃዱ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ደረጃ መሠረት ለሙሉ አውሮፕላን የጥገና ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ የ18 ዓመት ዕድሜና የ4 ዓመት ልምድ ያስፈልገዋል። የታወቀ ሥልጠና ካጠናቀቀ 2 ዓመት ልምድ ይበቃዋል።

የባቲው ወጣትስ? አምስት ዓመት ሞተር ሲፈታ ኖሮ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሲሄድ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በጆሮው የሚለየው ብልሽት፣ በእጁ ያስነሳው ሞተር ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል የሚደርሰው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የጋራዥ ባለቤቶች ቀኑ፣ ሰሌዳው፣ የተሠራው ሥራና የሠራው ሰው የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ይክፈቱ። ወጣቱ ያንን ይዞ ወደ ሙያ ብቃት ምዘና ቢሄድ የሚመዘነው ከባዶ ተነስቶ አይሆንም። ደንበኛውም መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።